ባቡር ኪሎ የለውም

ሰኞ፣ አጎስቶ 4

የአጎስቶ፣ የነሐሴ ሙቀት። ቬንቲላቶሬው የሞቀውን አየር ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ያመላልሳል እንጂ ሌላ ፋይዳ የለውም። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፣ ገና ሳልጨርስ ደረቀ። ሽሮ በላሁ። ተኛሁ። ሰፈሬ ቶር ፒኛታራ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፤ ከታች ያሉት ባንግላዴሾች ብቻ ናቸው የማይታክታቸው።

ሥራ የጠየቅኳቸው የሞንቴቬርዴ ሰፈር ሰዎች ደወሉ። ቫ ቤኔ፣ ወደንሻል፣ ከሴተምብሬ አንድ ጀምረሽ ግቢ አሉኝ። እናታቸውን ልይዝ፣ እዚያው አድሬ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ስንቱ ሥራ አጥቶ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይዞራል። ስልኩን ስዘጋ ግን ዓመቱን መቁጠር ጀመርኩ… አሥራ ሰባት ዓመት በሰው ቤት አደርኩ። የማስታምማት የነበረችው ሲኞራ ኢዳ በጁኞ፣ በሰኔ፣ ዐረፈች፣ ነፍሷን ይማር። አሁን ሌላ በር ተከፍቶ ሊዘጋብኝ ነው። የኔ የምለው ይህ ወር ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ላድርገው? ልተኛበት?

ረቡዕ፣ አጎስቶ 6

ሲኞራ ኢዳ ሲሲሊ ደሴት ላይ ያለችው የሲራኩዛ ሰው ነበረች። ልጅ ሳለን ባቡሩ እኛን እንደያዘ መርከብ ውስጥ ይገባ ነበር ትለኝ ነበር። እኔ እቴ… በሽታው ነው ብዬ "ሲ፣ ሲኞራ፣ ሲ" እያልኩ ኪኒኗን አጎርሳታለሁ። ዛሬ ሊዋም ስልኳ ላይ አሳየችኝ። እውነቷን ነው። ባቡሩ ተቆራርጦ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ባሕሩን ይሻገራል፣ ወዲያ ማዶ ወጥቶ በሐዲዱ ይቀጥላል። አሁንም ድረስ! ምስኪን ሲኞራ፣ ጃጀች ብዬ ስታዘባት ከረምኩ።

ሊዋም የእትዬ ኣስገደት የልጅ ልጅ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛ ስታወራ እንኳ እጇ ጣልያንኛ ይናገራል። እትዬ ኣስገደት ደግሞ ይህን ክፍል ከኔ ጋር የሚጋሩት የአሥመራ ሴት ናቸው። በንጉሡ ጊዜ የተማሩ ስለሆኑ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት። ባሕር አላውቅም አይደለም። በየአጎስቶው ከአሠሪዎቼ ጋር ሄጃለሁ፤ ጃንጥላ ተክዬ፣ ፎጣ ይዤ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ። አዲስ አበባም አራት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ። ግን ለብቻዬ፣ ለራሴ ብዬ የሄድኩበት ቦታ… አለ? አሰብኩ አሰብኩ፣ የለም።

ወደ ሲራኩዛ የባቡር ቢሊየቶ ቁረጪልኝ አልኳት። ለስንት ሰው? አለችኝ።

ለአንድ።

ፍልሰታ ሲፈታ በማግስቱ፣ ቅዳሜ 23 እሄዳለሁ። ሥራ ልገባ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እመለሳለሁ።

ሐሙስ፣ አጎስቶ 7

ጾም ገባ። ለእትዬ ኣስገደት ነገርኳቸው። ከማን ጋር ነው? አሉኝ። ብቻዬን አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ማን ሞቶ ነው?"

ማንም አልሞተም፣ ልዝናና ነው ብላቸው አላመኑኝም። ከሰዓት ሁሉ አይን አይኔን ሲያዩኝ ዋሉ። መርዶ ደብቄ የምሸሽ መስሏቸው ይሆናል።

እሑድ፣ አጎስቶ 10

ምን ጉድ ነው ያመጣሁት።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ለግዛቸው ነገርኩት። የአጎቴ ልጅ ነው፣ ሮም ውስጥ ያለኝ ዘመድ እሱ ብቻ፤ ሳልነግረው ብሄድ ይቀየመኛል ብዬ። አደራህን ለራስህ ያዘው አልኩት። ቪያ ቮልቱርኖ፣ ሐበሻ ሁሉ የሚገባበት ስልክ ሱቅ ለሚሠራ ሰው! ለሬዲዮ ብነግር ይሻል ነበር።

መጀመሪያ ሴት ልጅ ብቻዋን? አለ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰው ላፈላልግልሽ አለ። አልፈልግም አልኩት። ቀጥሎ ፊቱ በራ። "ይቺ ባቡር ካታኒያ ትቆማለች አይደል?"

ገባኝ። ያኔውኑ ገባኝ። ካታኒያ ጓደኛ አለው፤ በርበሬ ናፍቆታል። አልወርድም፣ ሲራኩዛ ነው የምሄደው አልኩት። መውረድ ምን ያስፈልጋል፣ ልጁ ይመጣል፣ በበሩ ማቀበል ነው አለኝ። ዕቃ አላበዛም ስለውማ ሳቀ። "አውሮፕላን ቢሆን ኪሎ የለኝም ትያለሽ። ባቡር ኪሎ የለውም።"

ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እሺ ብሎ ወሰደው።

አገር ቤት በገባሁ ቁጥር እንዲሁ ነው የሆነው። ሁለት ሻንጣ የሰው ዕቃ። ከኮተቤ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሳሪስ፣ አንዱ ጫማው ጠበበኝ ይላል፣ ሌላዋ ሽቶው ይሄ ብቻ ነው? ትላለች። በመጨረሻው ጊዜ የእናቴ መቃብር የሄድኩት ልመለስ የነበረ ዕለት ጠዋት ነው፣ ታክሲ አስቁሜ። አበባ እንኳ አልያዝኩም ነበር።

ሐሙስ፣ አጎስቶ 14

ሊዋም ከሥራ ስትወጣ መጣች። ብቻዋን ባርሴሎና ሄዳለች፣ ፖርቶ ሄዳለች፤ እኔ ለሲራኩዛ ስንቀጠቀጥ ታሾፍብኛለች። ግን የምታውቀውን ሳትሰስት ነገረችኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ከበር ሥር የሚሸጎጥ የጎማ ሽብልቅ አለ። ማታ ከውስጥ ትሸጉጪዋለሽ፣ ቁልፍ ያለው ሰው እንኳ ቢመጣ በሩ አይገፋለትም አለች። ለኔ ተወችልኝ። ፊሽካም ሰጠችኝ፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል። ነፋኋት። እትዬ ኣስገደት ከአልጋቸው ዘለው ተነሱ።

ዶኩመንት ወገብሽ ላይ ይሁን፣ ፎቶው ስልክሽ ላይ፣ ኮፒው ሌላ ቦታ አለች። ፓወር ባንክ። ክፍልሽ ስትገቢ መልእክት ላኪልኝ። ደግሞ ቀለበት አድርጊ አለችኝ። ሳላገባ? አሎራ፣ የውሸት ናት፣ ወንድ ሲያይ ይተውሻል አለች። ከባንግላዴሾቹ ሱቅ ገዛን። ጣቴ ላይ ስሰካት ደንበኛ ወይዘሮ መሰልኩ።

ከራሴ የጨመርኩት ነጠላዬን ነው። ሊዋም ምን ያደርግልሻል ትላለች። ምን የማያደርገው አለ? ሲበርድ ልብስ፣ ስተኛ አንሶላ፣ መስኮቱ መጋረጃ ቢያጣ መጋረጃ፣ ቤተ ክርስቲያን ካገኘሁ መሳለሚያ። የደም ግፊት ኪኒኔ። ነጠላ ጫማዬ። መርፌ ቁልፍ። ጣት የምታህል የሚጥሚጣ ብልቃጥ፤ የነሱን ምግብ አልችለውማ። ሁሉም አንዲት የጀርባ ቦርሳ፣ አንዲት ዛይኖ ውስጥ ገባ። ከዚያም ቦታ ተረፈ! ጀርባዬ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወረድኩ ወጣሁ። ሁለት እጄ ባዶ ነው። እንዲህ ሆኜ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ አጎስቶ 19

ቦታ የመትረፉ ወሬ ለሰዎቹ ደረሳቸው። ክፍሉ መጋዘን ሆነ። የግዛቸው ደንበኞች በተራ መጡ። አንዱ ካታኒያ ላለ ወንድሙ ሽሮ። አንዷ መሲና ላለች የክርስትና ልጇ ቀሚስና እንጀራ፣ ለዚያውም እንጀራው በዋዜማው ይመጣል። ትሮሊ ሻንጣ ተበደርኩ። አልበቃም፣ ሌላ ተበደርኩ። ሁሉም አንድ ዐይነት ነገር ነው የሚለው፣ ባቡር ኪሎ የለውም። ተማክረው ነው እንዴ?

ማታ እትዬ ኣስገደትም ጥቅል ይዘው አልጋዬ ላይ አስቀመጡ። ለእህታቸው ልጅ፣ ካታኒያ፣ ወልዳለች። ጋቢ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ቀላል ነው አሉኝ። አነሳሁት። ጋቢው ቀላል ነው። አብሮት ያለው የብረት ድስት ነው ቀላል ያልሆነው። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

እምቢ ማለት የማልችለው ለምንድን ነው? ይሉኝታ ነው? ፍርሃት ነው? ዛይኖዬ ከዕቃው ሥር ተቀብራ አትታይም።

ዓርብ፣ አጎስቶ 22

ጾም ተፈታ። ዶሮ ቀመስኩ። ነገ! እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ አጎስቶ 23

አልሄድኩም።

ጻፊው፣ ጽጌረዳ። እንዴት እንደሆነ ጻፊው።

ጠዋት ቴርሚኒ ገባሁ። ሁለት ትሮሊ፣ የእትዬ ድስት፣ ዛይኖዬ ደረቴ ላይ። ሁሉም ዕቃ ደርሷል፣ የግዛቸው በርበሬ ብቻ ቀርቷል። ደወልኩለት። መንገድ ላይ ነኝ አለኝ። የት? ፒያሳ ቪቶሪዮ፣ ደርሻለሁ በቃ። ከጀርባው የሻወር ውሃ ይሰማኛል።

ቢሊየቶ የሌለው ሰው ወደ ቢናሪዮው፣ ወደ ሐዲዱ ዳር፣ አያልፍም፣ ስለዚህ መግቢያው ጋ ቆሜ ጠበቅኩት። ባቡሩ ከፊቴ ይታየኛል። ደወልኩ። እየገባሁ ነው አለ። ሰዉ ይሳፈራል። ደወልኩ፣ አያነሳም። አሁን ልሂድ እላለሁ፣ ደግሞ ልጁ ካታኒያ ወጥቶ ባዶ እጁን ቢመለስስ እላለሁ… ወገቤን ይዤ የሰው በርበሬ ስጠብቅ የራሴ ባቡር ፉጨቱን ነፋ። ትሮሊዎቹን እየጎተትኩ ሮጥኩ። አንዱ ተገለበጠ። በሩ ተዘጋ። ሄደ።

ግዛቸው ከዚያ በኋላ መጣ፣ ፀጉሩ እርጥብ ነው። ሄደ እንዴ? አለኝ። አይዞሽ፣ ነገም ባቡር አለ፣ በርበሬዋን እስከዚያ አንቺ ጋ ላኑራት አለኝ።

ትሮሊዎቹን እየጎተትኩ ጥዬው ሄድኩ። ቢመልሱለት ምን ይመለሳል። ቢሊየቶዬ ተቃጠለ። አልጋ ውስጥ ገብቼ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ አለቀስኩ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

እሑድ፣ አጎስቶ 24

ስነሳ ለቅሶው የለም። ንዴት ብቻ ነው ያለው። ንዴት ደግሞ ጉልበት ይሰጣል፤ ሁለቱን ትሮሊ በ105 አውቶቡስ ጭኜ ቪያ ቮልቱርኖ ወሰድኩና የግዛቸው ባንኮኒ ላይ ዘረገፍኩት። ሰው ሞልቷል። የባለቤቶቹን ስልክ አንተ ታውቃለህ፣ ለየራሳቸው መልስ አልኩት። ምን ሆነሽ ነው? ሰው ምን ይላል? አለኝ። ሰው ያለውን ይበል፣ እኔ ነገ ሄጃለሁ አልኩት። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ስልክ ልትሞላ የቆመች፣ "አበጀሽ" አለችኝ። ማን እንደሆነች አላውቅም። እግዜር ይስጣት።

ከባዱ ቤት ነው የጠበቀኝ። ጥቅሉን አንስቼ የእትዬ ኣስገደት አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። 

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሰው ዕቃ አልይዝም።"

"የኔንም?"

"የእርስዎንም።"

ትክ ብለው አዩኝ። ልጅ ሳለሁ ቢሆን እናቴ በጥፊ ታጮለኝ ነበር። ከዚያ ጥቅሉን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እራት እንብላ ብላቸው ጠግቤያለሁ አሉ። ሳይበሉ መዋላቸውን አውቃለሁ። ቢሆንም ጥቅሉን መልሼ አላነሳሁትም።

ሊዋም ለነገ ጠዋት ሌላ ቢሊየቶ ቆረጠችልኝ። ቀኑ አጥሯል። ይጠር።

ሰኞ፣ አጎስቶ 25

ባቡር ውስጥ ነኝ! ወንበሬ በመስኮቱ በኩል ነው። ማንም አልሸኘኝም። እትዬ ኣስገደት ስወጣ እንደተኙ ናቸው፣ ወይ እንደተኙ መስለዋል።

ናፖሊ ላይ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀመጠ። ከየት ነሽ፣ ወዴት ነሽ፣ አግብተሻል? ቀለበቴን አሳየሁት። ታዲያ ባልሽ የት አለ? የባቡሩ ባር ጋ ነው አልኩት። ይኼ ሰው ከዚያ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ሳሌርኖ አለፍን፣ ባሌ የለም። ሌላ ሰዓት ሄድን፣ ባሌ የለም። በመጨረሻ ወደኔ ጠጋ ብሎ በሐዘኔታ፣ "ሲኞራ፣ ባልሽ በጣም ይጠጣል" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ምን እሠራለሁ የሌለ ባሌን ሰካራም አድርጌ? "ባል የለኝም" አልኩት። "ብቻዬን ነኝ።" ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ማዶ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ሰማይ አልተደፋም። ኮምፕሊመንቲ፣ አበጀሽ አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ቀለበቷን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኳት።

በኋላ።

ባሕሩ ዳር፣ ቪላ ሳን ጆቫኒ ቆምን። ባቡሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ ተቆረጠ። ብረት ከብረት ተንጓጓ። ከዚያ መስኮቱ ጨለመ፤ ገባን። ሲኞራ ኢዳ፣ ገባን! ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ የተናገርኩት።

ከባቡሩ ወርዶ ወደ መርከቡ ላይ መውጣት ይቻላል አሉ። አጠገቤ ሻንጣ የከመረች ሴት ነበረች፣ ሁለት ሕፃን ይዛ። አትወጪም? አልኳት። ዕቃውንስ ማን ይጠብቃል? አለችኝ። ልጠብቅልሽ ልላት ነበር… አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥኩት። ዛይኖዬን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጌ ደረጃውን ሽቅብ ወጣሁት፣ እጄ ባዶ። የግዛቸው በርበሬ አብሮኝ ቢሆን ኖሮ መርከብ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብዬ በርበሬ እጠብቅ ነበር።

ላይ ስወጣ… ባሕር። በሁሉም በኩል። ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ሲታገል በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። የሩዝ ጥብስ ይሸጣሉ፣ አራንቺኒ፤ ገዝቼ ሚጥሚጣዬን ነሰነስኩበት። መሲና ወደብ ላይ ወርቃማ የእመቤታችን ሐውልት ከፍ ብላ ቆማለች፣ እጇን ወደ መርከቡ ዘርግታ። አማተብኩ። ፍልሰታን ጾሜ ሳበቃ እሷ ራሷ ወጥታ የተቀበለችኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ሌላ ቃል የለኝም፣ እያለቀስኩ ነው አራንቺኖውን የጨረስኩት።

ካታኒያ ባቡሩ ቆመ። ማንም አልጠበቀኝም። ማንንም አልጠበቅኩም።

ረቡዕ፣ አጎስቶ 27

ሲራኩዛ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ ወደ ባሕር ትንሽ ታያለች፣ አንገት ከጠመዘዙ።

ትናንት ሬስቶራንት በር ላይ ሦስት ጊዜ አለፍኩ። ብቻዋን የምትበላ ሴት… ሰው ምን ይላል? ኋላ ማን ነው እዚህ የሚያውቀኝ ብዬ ገባሁ። ልጁ "ለአንድ?" አለኝ። ለአንድ አልኩት። ጥሩውን ጠረጴዛ፣ ዳር ያለውን ሰጠኝ።

ዛሬ ከሰዓት ታጥቤ ጋደም እንዳልኩ በሩ ላይ ቁልፍ ዞረ። ሽብልቋን ሸጉጫለሁ። በሩ ገፋ ገፋ ተደርጎ ቀጥ አለ። ማነው? አልኩ። ባለቤቱ ነው፣ የወጣሁ መስሎት ፎጣ ሊያስቀምጥ። ነጠላዬን ተከናንቤ ሽብልቋን ነቀልኩና ከፈትኩለት። ሁለተኛ ሳታንኳኳ ቁልፍ እንዳታስገባ አልኩት። ስኩዚ፣ ስኩዚ እያለ ወረደ። በሰው ቤት ስንት ዓመት የኖርኩበት ክፍል ሁሉ ባለቤቱ እንደፈለገ የሚከፍተው ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ፣ አጎስቶ 29

ባሕር ገባሁ። ቀሚሴን ከጉልበቴ በላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው፣ እስከ ወገቤ ገባሁ። ፎጣዬን የያዘልኝ ሰው የለም። ድንጋይ ላይ ትቼው ነው።

እሑድ፣ አጎስቶ 31

ትናንት ተመለስኩ። እትዬ ኣስገደት ሰላም አሉኝ፣ ቀዝቀዝ ብለው። ጋቢውን በኩሪየር ልከውታል፤ ደርሷል፣ ድስቱም አልተሰበረም። የብረት ድስት ምን ይሰበራል? በሆዴ ነው ያልኩት።

ግዛቸው ደውሎ ነበር። ሰው ሁሉ ተቀይሞሻል አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ፣ ለመሆኑ ባቡሩ እውነት መርከብ ውስጥ ይገባል? አለኝ።

ዛሬ ከሊዋም ጋር ምሳ በልተን ስናበቃ እትዬ ዛይኖዬን አንስተው ክብደቷን በእጃቸው ለኩ። ይሄ ብቻ ነው? አሉኝ። ይሄ ብቻ ነው እትዬ። ኪሶቿን አንድ በአንድ ከፈቱ። ሽብልቋን አገላበጡ፣ የት እንደምትሸጎጥ ጠየቁኝ፣ በራችን ሥር አድርጌ አሳየኋቸው። ራሳቸው ተነስተው ገፉት። በትከሻቸውም ገፉት። አልከፈት ሲላቸው ሳቁ። ባሪ ከተማ ያለውን የሳን ኒኮላ ቤተ ክርስቲያን ከመሞቴ በፊት ልሳለም እል ነበር፣ የሚወስደኝ ሰው ሳጣ ቀረሁ አሉኝ። ስንት ዓመት ነው የሚወስድዎትን የጠበቁ? አልኳቸው። ሊዋም ቢሊየቶ ልትፈልግላቸው ስልኳን አወጣች።

ሰኞ፣ ሴተምብሬ 1

ሞንቴቬርዴ ገባሁ። ቤቱ ጥሩ ነው። አሮጊቷ ዝምተኛ ናቸው፣ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ሴት ልጃቸውና ወንድሟ ኮንትራቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

ልጅቷ አስረዳችኝ። የእረፍት ቀንሽ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ፣ ኪኒኑ በስንት ሰዓት… ሁሉን እሺ አልኩ። ቀጥላ፣ በአጎስቶ ፍሬጄኔ ባሕር ዳር ቤት አለን፣ ሁላችንም እንሄዳለን፣ አንቺም ከማማ ጋር ትመጫለሽ፣ ላንቺም እረፍት ነው አለችኝ። ብዕሩን እያቀበለችኝ ነው ይህን የምትለው።

ብዕሩን አልተቀበልኩም። 

"በአጎስቶ የለሁም" አልኳት።

"የት ነሽ?"

"ፌሪዬ ነኝ፣ እረፍት ላይ። እጓዛለሁ።"

ከቤተሰብ ጋር? አለች።

"ብቻዬን።"

ወንድሟን አየችው። እሱም አያት። አሮጊቷ እጄን እንደያዙ ናቸው። ዝምታው ረዘመ፤ ድሮ ቢሆን እኔ ነበርኩ የምሞላው፣ ግድ የለም፣ እመጣለሁ ብዬ። አልሞላሁትም። በመጨረሻ ልጅቷ ተነፈሰችና ወንድሟን ጻፈው አለችው። አጠገቡ ቆሜ፣ አጎስቶ የኔ መሆኑን ጽፎ እስኪጨርስ አየሁ።

ከዚያ ፈረምኩ።